ኪቦርዱን ከታክሲው ያልለዩት ጋሽ ኃይሉ

ቤተሰብዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ ተጉዘው የሚያውቁ ከሆነ መንገዱን የሚያስታውሱት በልብስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ልጆቹ ሹራብ ይደርባሉ። ሻይ ይጠጣል፤ ከተማዋ ከምትታወቅበት ብርድ ልብስም አንዱ ይገዛል። የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን ሲያገባድዱ ሹራቡ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከሚሴ ሲገቡ ጥላ መፈለግ ይጀምራሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዱ በኦሮምኛ የጀመረውን ጨዋታ ሌላው በአማርኛ ሲጨርሰው ይሰማሉ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች ግን በዚህ ሁሉ መካከል ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ማዳመጫ አላወለቁም።

በሚቀጥለው ጉዞዎ ማዳመጫውን ያስወልቋቸውና አንድ ሰው ያሰሟቸው። እኚህ ሰው የተወለዱት ልጆችዎ ሹራብ በደረቡባት ከተማ፣ በደብረ ብርሃን ነው። ጣቶቻቸው ከሚመላለሱባቸው ቅኝቶች የአንዱ ስም ደግሞ የመጣው ከሚሴ ዋና ከተማው ከሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከባቲ ነው። አንጋፋው የፒያኖ፣ የኦርጋንና የአኮርዲዮን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ነው። ለዓመታት በአዲስ አበባ ሒልተን ሰው ሲያስጨፍሩ አድረዋል፤ ለዓመታት ደግሞ በዋሽንግተን ታክሲ ነድተዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ብዙ ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ፣ ወደ ዓለም መድረክ ተመልሰዋል። ስለ እሳቸው የምናወራዎት አንድ ቀን በአቅራቢያዎ የሚያቀርቡት ዝግጅት መኖሩን ሲሰሙ ቲኬቱን ለመግዛት እንዳያመነቱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።)

አኮርዲዮን ያስተማረው

ጋሽ ኃይሉ በ1946 ተወልደው በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን አነሱ፤ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም። ይህን መሣሪያ ልብ ይበሉት፤ በኋላ የምንነግርዎት ነገር ሁሉ ከእሱ የሚነሳ ነው። በቀኝ እጅ የሚጫወቱበት ጎን ልክ እንደ ፒያኖ ጥቁርና ነጭ ቁልፎች አሉት። መካከሉ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየተለጠጠና እየተሰበሰበ ይተነፍሳል። ፒያኖ ቁልፉን አንዴ ከመቱት በኋላ ድምፁ እየከሰመ መሄዱ አይቀርም። አኮርዲዮን ግን አየሩ እስካለ ድረስ እንደ ዘፋኝ ድምፅን ይስባል፣ ያጎላል፣ ያሳንሳል። በአኮርዲዮን ያደገ ልጅ ፒያኖና ኦርጋን ላይ ሲቀመጥ ጣቱ ቁልፍ ከመምታት ይልቅ መዝፈን ይቀናዋል። የጋሽ ኃይሉን አጨዋወት ከሌሎች የሚለየው ይኸው ይመስለኛል።

በወጣትነታቸው በአዲስ አበባ ቡና ቤቶችና የምሽት ክበቦች ተዘዋውረው ሠርተዋል። በዚያን ዘመን ስመ ጥር የነበሩት የሙዚቃ ቡድኖች በአብዛኛው የመንግሥት ተቋማት ነበሩ፤ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ዋሊያስ ባንድ ከዚህ የተለየ መንገድ ከያዙት ነው። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተሰባስበው ያቋቋሙት፣ እንጀራውን ከምሽት ክበብ መድረክ ላይ የሚያገኝ የግል ባንድ ነበር። ጋሽ ኃይሉ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖና በሙዚቃ ቅንብር፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ሌሎችም አብረዋቸው ነበሩ። እናም አዲስ አበባ ሒልተን ገቡ።

በሩ ሲዘጋ የሚጀምር ሌሊት

ወላጆችዎ ወይም አያቶችዎ ስለ ደርግ ዘመን ሲያወሩ ሰዓት እላፊ የሚለውን ቃል ሳያነሱ አይቀሩም። ሌሊቱ ሲገፋ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ጉዱ ፈላ። ታዲያ ሙዚቃ ወዳዱ ምን ያድርግ? መልሱን የሒልተን የምሽት ክበብ አገኘው። ሰው ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጎሕ ቀዶ መንገድ እስኪከፈት ድረስ ማንም አይወጣም። ሙዚቀኞቹም እንደ እንግዶቹ ታጉረዋል፤ ስለዚህ ይጫወታሉ።

ይህን ነገር እስቲ በሙዚቀኛው ቦታ ሆነው ያስቡት። ሁለት ሰዓት ተጫውተው ወደ ቤት የሚሄዱበት ሥራ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ፣ በየሳምንቱ ብዙ ቀን፣ ለዓመታት መጫወት ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ታዳሚ ደግሞ የውጭ አገር ዲፕሎማት አለበት፣ ነጋዴ አለበት፣ ሙሽሮች አሉበት። ለአንዱ የአሜሪካ ሶል፣ ለሌላው ጃዝ፣ ለሌላው የአገር ቤት ዜማ ማቅረብ ግድ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጨፍረውም ይደክመዋል። ዘፋኙም ጉሮሮው ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ይወስዳል። የኢትዮጵያ ጃዝ ከተማረባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ ያ በሩ የተዘጋ አዳራሽ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዘመን የተረፈልን የሸክላ ማስረጃ አለ። በ1977 ዋሊያስ «ቼ በለው» የተባለውን ሥራ በካይፋ አሳታሚነት አወጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተጋብዘውበታል። ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙሉ አልበም ነው። ይህ ዛሬ ቀላል ሊመስልዎት ይችላል። ግን የኛን አድማጭ ያውቁታል! እኛ ዘፈን የምንሰማው ለግጥሙ ነው፤ ሰሙን ይዘን ወርቁን እንፈልጋለን፣ አንድ ስንኝ ልባችንን ከነካን «ይደገም!» እንላለን። ግጥም የሌለው ዘፈን ለገበያ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። ጋሽ ኃይሉ የተማመኑት በአንድ ነገር ነበር። ዜማው የታወቀ ከሆነ ኦርጋኑ ቃሉን ባይናገርም አድማጩ በልቡ ይሞላዋል። ከአልበሙ ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ድርሰት ደግሞ ከአገር ወጥቶ በብዙ የባሕር ማዶ ባንዶች ዘንድ ተደጋግሞ ተጫውቷል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1978፣ ጋሽ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። እሱም በመሣሪያ ብቻ ነው።

የሄዱትና የቀሩት

በ1981 ዋሊያስ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ አቀና። ከኢትዮጵያ ተነስቶ እንዲህ ያለ ጉዞ ያደረገ ዘመናዊ ባንድ ከዚያ በፊት አልነበረም። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሉ ወደ አገር ቤት ተመለሰ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ባንዱ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ጋሽ ኃይሉ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ከቀሩት ወገን ነበሩ፤ ዙላ ባንድ ብለው በዋሽንግተን ለኢትዮጵያውያን መጫወት ቀጠሉ። ፒያኒስቱ ግርማ በየነም እዚያው ቀሩ፤ ኑሯቸውን በነዳጅ ማደያ ሠርተው ገፉ። ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃው ጠፍተው ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ2017 ደግሞ አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ቡድን ጋር አዲስ አልበም አወጡ። የጋሽ ግርማ ታሪክ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጋሽ ኃይሉ በ1985 ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀረጹ። ሐሳባቸው የልጅነታቸውን አኮርዲዮን እንደገና ማንሳት ነበር። ግን አኮርዲዮኑን ብቻውን አልተዉትም፤ በዘመኑ አዲስ ከነበሩ ኤሌክትሪክ ኪቦርዶችና ከበሮውን ከሚመታ ማሽን ጋር አቆራኙት። ከበሮ መቺ የለም፣ ቤዝ ተጫዋች የለም፣ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ሆኖ ይጫወታል። «ሸሞንሟናዬ»ን ሲያዳምጡ ያ ብቸኝነት ይሰማዎታል። ያረጀው አኮርዲዮን በማሽኑ ምት ላይ ተቀምጦ አገር ቤትን ሲጠራ ለባዕድ ጆሮ ግራ ያጋባ ይሆናል፤ ለኛ ግን ከውጭ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ነው የሚመስለው። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ፤ ከዚያም እንደ ሌሎቹ ካሴቶች ሁሉ አቧራ ለበሰ።

ዙላ ባንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተበተነ። ጋሽ ኃይሉም መሪ ጨበጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወንድም፣ አጎት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው የአዲስ አበባ፣ የደሴ፣ የኮምቦልቻ ቤተሰብ ስንት ይሆን? ለእርስዎ ይህ ሥራ እንግዳ አይደለም። በበዓል ዋዜማ ስልክ የሚደውለው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያግዘው ዘመድዎ ምናልባት አሁንም በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ ተራውን እየጠበቀ ይሆናል። ጋሽ ኃይሉም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበሩ። ልዩነቱ ከመኪናቸው ኋላ፣ ከመንገደኛ ሻንጣ ጎን፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኖሩ ነው። ደንበኛ አድርሰው ሲመለሱ፣ ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ ኪቦርዱን አውጥተው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ይህን ራሳቸው ለጋዜጠኞች ደጋግመው ተናግረዋል። የሚሰማ ሰው የለም፣ ቀጠሮ የተያዘለት ዝግጅት የለም። ተሳፋሪ ሲመጣ ኪቦርዱ ይታጠፋል።

የውጭ ጋዜጦች በኋላ ይህን ታሪክ እንደ ተረት ወደዱት፤ ታክሲ ነጂው «ተገኘ» ብለው ጻፉ። እኔ በዚህ ቃል አልስማማም። የጠፋ ነው የሚገኘው። ጋሽ ኃይሉ አልጠፉም፤ ልጅ እያሳደጉ፣ በሐቅ ሠርተው እየበሉ ነበር፤ ኪቦርዱም አብሯቸው ነበር። የጠፋነው አድማጮቹ ነን። ለዚህም ማስረጃ የሚሆን ነገር ከዚሁ ከክልላችን አለ።

ከባሕር ዳር የተነሳው ካሴት

ብራየን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢ ነው። ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቶ ካሴቶች ገዛ። ከገዛቸው አንዱ የ1985ቱ የጋሽ ኃይሉ ሥራ ነበር። ሰምቶ ማመን አቃተው፤ አፈላልጎ ስልካቸውን አገኘና ደወለ። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በሚለው አሳታሚው በኩል ካሴቱ በ2013 በሸክላ እንደገና ታተመ። ጋሽ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው አካባቢ ነበሩ። የመድረክ ጥሪም መምጣት ጀመረ፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ። ለዓመታት በተራ መጠበቂያው የተለማመዱት ሰው ጣታቸው አልዶለዶመም ነበርና ተነስተው ሄዱ።

ባሕር ዳር ያ ሙዚቃ ቤት ስንት ሰው አልፎት ሄዷል? እርስዎም እኔም ሳናልፈው አልቀረንም። ምናልባት ያው ካሴት ዛሬም በወላጆችዎ ቤት፣ በቁም ሳጥን ሥር፣ ካርቶን ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ በዓል ሲደርስ ቤት ሲጸዳ ካርቶኑን ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት አንዴ ይክፈቱት። በተለይ እንደ ከሚሴና ባቲ ባሉ ሞቃት ከተሞች ካሴት ከመስኮት ዳርና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ የለበትም፤ ሙቀት ቴፑን ያጣምመዋል። ሳጥኑ ላይ በእጅ የተጻፈውን ስምና ዓመት አይጣሉት። ከሰባት ስምንት ካሴት አንዱ እንኳ የሚያጫውት ቴፕ ያለው ጎረቤት ካገኙ ወደ ስልክዎ ይገልብጡት።

በ2018 ጋሽ ኃይሉ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። ብዙ ዓመት ቆይተው ያወጡት አዲስ ሥራ ሲሆን ከሁለት የአውስትራሊያ ሙዚቀኞች ጋር በሦስት ሰው ብቻ የተሠራ ነው። በ2020 «የኔ ምርጫ» ቀጠለ፤ በዚህኛው ላይ የቀድሞ ጓደኛቸው የሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንም አለበት።

ባቲ በጣትዎ ሥር

አሁን ወደ ከሚሴው መንገድ እንመለስ። ከሚሴን አልፈው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወደ ቀኝ ታጥፈው ወደ ቆላው ይወርዳሉ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ባቲ ይገባሉ። ሰኞ ከሆነ ገበያው ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይገናኛል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ በስማቸው የወሎ ቦታ ይጠራሉ። ወሎዬ ወዳጅ ካለዎት ደግሞ አራቱም የኛ ናቸው ብሎ ሲከራከርዎት ሰምተውት ይሆናል። በዚህ ክርክር አልገባም፤ ባቲ ግን የማን እንደሆነች ካርታው ይመሰክራል። የከሚሴ ልጅ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ «ባቲ» የሚለውን ቃል ሲሰማ መምህሩ ስለ ጎረቤቱ ከተማ እያወራ ነው።

ቤትዎ ኪቦርድ ካለ ይህን ከልጅዎ ጋር ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ኖታ ማንበብ አያስፈልግዎትም። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሁለቱ መካከል በስተቀኝ ካለው ይነሱና ነጩን ሳይነኩ በጥቁሮቹ ብቻ ወደ ቀኝ እየሄዱ የሚቀጥለው ተመሳሳይ ቁልፍ ላይ ይድረሱ። ይህ ማይነር ባቲ ነው። አሁን ደግሞ ከሦስቱ መካከል በስተግራ ካለው ተነስተው እነዚያኑ ጥቁሮች ይጫወቷቸው፤ ይህ ሜጀር ትዝታ ነው። አምስቱ ቁልፎች አልተለወጡም። የተለወጠው የሚነሱበትና የሚያርፉበት ቤት ብቻ ነው፤ ስሜቱ ግን ሌላ ሆነ። ሜጀር ባቲን ከፈለጉ ወደ ነጮቹ ይምጡ፤ ከዶ ተነስተው ሬን ይዝለሉ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ብለው ላን ይዝለሉ፣ በሲ በኩል ዶ ላይ ያርፉ። ሚና ፋ፣ ሲና ዶ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ባቲ ሲዘፈን ሆድ የሚያባባው አንዱ ምሥጢር በእነዚህ ጠባብ እርምጃዎችና በመካከላቸው ባለው ሰፊ ዝላይ ላይ ነው።

ክራር የሚጫወት ሰው ቅኝት ሊቀይር ሲፈልግ አውታሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ ከተቃኘ በኋላ ሌላ ድምፅ ስለሌለ አይሳሳትም። ፒያኖ ላይ ግን 12ቱም ድምፆች ሁልጊዜ ከጣትዎ ሥር ናቸው። ባቲን በፒያኖ መጫወት ሰባቱን መተው ማለት ነው። ጃዝ ደግሞ በተፈጥሮው አብዝቶ መጨመር ይወዳል፤ ኮርድ በኮርድ ላይ ይደርባል። ሙላቱ አስታጥቄ በውጭ አገር ትምህርታቸው፣ በኋላም አሜሪካ በርክሊ ኮሌጅ የቀሰሙትን ይዘው በአምስቱ የቅኝት ድምፆች ዙሪያ አሥራ ሁለቱን እንዴት እንደሚያስቀምጡ ብዙ ደክመውበታል። ጋሽ ኃይሉ በሌላ በር ነው የገቡት። ዜማውን በቀኝ እጃቸው እንደ ዘፋኝ ይይዙታል፤ ግራ እጃቸው ከሥሩ ጥቂት ይላል፣ ዝም ይላል፣ ይመለሳል። ብዙ ሊጫወቱበት የሚችሉበት ቦታ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ ትተው ያልፋሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ቀላል ይመስልዎታል። ከዚያ ልጅዎ ኪቦርዱ ላይ ሊደግመው ሲሞክር ያዩታል።

መድረኩን ሲጠብቁ

ጋሽ ኃይሉ በመድረክ የሚታወቁት በሦስት ሰው ነው። ቤዝ፣ ከበሮ፣ እሳቸው። ከፊታቸው ኪቦርዶች ይደረደራሉ፤ መሐል ላይ አኮርዲዮኑን ያነሳሉ፤ አንዳንዴም ሜሎዲካ የሚባለውን፣ በአፍ እየተነፋ በጣት የሚጫወቱትን ትንሽ መሣሪያ ይይዛሉ። ልጆች ይዘው ከሄዱ ይህን ቅጽበት ይወዱታል። አንድ ዜማ ከአልበሙ ላይ ከሚያውቁት ረዝሞ ቢመጣ አይገረሙ። መጀመሪያ ዜማውን እንደሚታወቀው ይጫወቱታል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በየተራው ከዜማው ወጣ ብሎ የራሱን ይናገራል፤ በመጨረሻ ተያይዘው ወደ ዜማው ይመለሳሉ። አንዱ ተራውን ሲጨርስ፣ ሙዚቃው ባይቆምም፣ ማጨብጨብ የጃዝ ወግ ነው። ከእርስዎ ቀድሞ ልጅዎ ቢያጨበጭብ አያፍሩ።

አሁኑኑ መሄድ ለማይችሉ በ2023 «ፓዮኒር ወርክስ ስዊንግ» በሚል የወጣ የቀጥታ ቅጂ አለ። በ2016 ብሩክሊን ውስጥ በሕዝብ ፊት የተጫወቱት ነው። የታዳሚው ጭብጨባና ፉጨት አብሮ ተቀርጿል። በሰባኛ ዓመታቸው ይህን ያህል ጉልበት ከየት አመጡት ያሰኛል። ከዚህ በኋላ የሚቀርብ እያንዳንዱ ዝግጅት ግን የሰማንያ ዓመት ሰው ዝግጅት ነው። «በሚቀጥለው ዓመት እናያቸዋለን» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ዋሽንግተን ያለው ዘመድዎ ቅርባቸው ነው፤ በዓሉ ሲደርስ ሲደውል ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ጋሽ ኃይሉ የሚጫወቱበት ቀን ካለ ልጆቹን ይዘህ ሂድ» ይበሉት። አዲስ አበባ የመጡ ቀን ደግሞ እርስዎ ይሂዱ።

ከሚሴ ወይም ባቲ ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ «ይህ ሁሉ የብሩክሊንና የአዲስ አበባ ወሬ ነው፤ እኛጋ ማን ጃዝ ያመጣል?» ሳይሉ አልቀሩም። ቅሬታዎ ትክክል ነው። ባቲ የተባለው ቅኝት በበርሊንና በለንደን አዳራሾች ሲደመጥ፣ ባቲ ከተማ ላይ ተቀምጦ በፒያኖ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ ግን እንደሚመስለው የማይቻል አይደለም። ሦስት ሙዚቀኛ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አስተማማኝ መብራት፣ አንድ አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል። ጋሽ ኃይሉ ራሳቸው ባይሆኑ እንኳ እሳቸውን እየሰሙ ያደጉ ወጣት ፒያኒስቶች አሉ። የወላጆች ኮሚቴ፣ የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ወይም በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ያለ ሆቴል አንድ ቀን ቢነሳ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ ያለው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባንድ የጫነ ሚኒባስ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ይገባል።

እስከዚያው ለመኪና ጉዞ የምመክርዎት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ሲወጡ «ቼ በለው»ን ይክፈቱ፤ ለከተማ ትራፊክ የሚስማማ ሙዚቃ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሻዩን ሲጠጡ ያጥፉትና ለልጆቹ የተወለዱባትን ከተማ ያሳዩአቸው። ከጣርማበር ቁልቁለት እስከ ሸዋ ሮቢት «ሸሞንሟናዬ»፣ አኮርዲዮኑ ከመጠማዘዣው ጋር ይሄዳል። ሙቀቱ ሲጀምርና ልጆቹ መተኛት ሲያምራቸው «ላላ በሉ»ን ያስገቡ። መክፈቻው ትዝታ ነው፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ አይቸኩሉት። የመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ይባላል። ቤዝ የለም፣ ከበሮ የለም፤ ጋሽ ኃይሉና ፒያኖ ብቻ ናቸው። ከሚሴ መግቢያ ላይ ከደረሰልዎት ድምፁን ሳይቀንሱ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገው መኪናውን ያቁሙና እስኪያልቅ ይጠብቁ።